ብረቱ የት ይቀመጥ? የቤት ውስጥ ስፖርት መሣሪያና የቤት ለውጥ ታሪክ በሀዋሳ

በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ፈርሶ በምትኩ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች በተቋቋሙ ጊዜ፣ ለሠላሳ ዓመት ያህል የክልሉ መዲና ሆና የኖረችው ሀዋሳ ብዙ መሥሪያ ቤቶቿን ሸኘች። መሥሪያ ቤት ሲዛወር ሠራተኛው ይከተላል፤ ሠራተኛው ሲከተል ደግሞ ቤት ይፈታል። ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ዲላና ወደ ሆሳዕና የሚያመራ አይሱዙ አልጋና ቁም ሣጥን፣ ማቀዝቀዣና የምግብ ጠረጴዛ ተሸክሞ ማየት በከተማዋ እንግዳ ነገር አልነበረም። ለእነዚህ ዕቃዎች ሁሉ ጫኙም አውራጁም ልማድ አለው፤ ቁም ሣጥን እንዴት እንደሚፈታ፣ መስተዋት በምን እንደሚጠቀለል ያውቃል። ከጓዙ መካከል ግን አንዱ ወገን ማን እንደሚሸከመው፣ ከምን ጎን እንደሚጫንና በአዲሱ ቤት የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ የሚያስብለት አይገኝም። ይኸውም በቤት ውስጥ የምንገለገልበት የሰውነት ማጠንከሪያ መሣሪያ ነው።

እኛ የሰውነት ማጎልመሻ ባለሙያዎች ብረት እንዴት እንደሚነሣ፣ ወገብ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ትንፋሽ መቼ እንደሚሳብና መቼ እንደሚለቀቅ ለብዙ ዓመታት አስተምረናል። ብረቱ ሥራ ፈትቶ በሚቀመጥበት ጊዜ ምን መሆን እንዳለበት ግን ከማስተማሪያ ክፍላችን ውጭ የሆነ፣ የጓዳ ጉዳይ አድርገን ትተነዋል። ጉዳዩ የጓዳ ቢሆንም ከሙያችን አይርቅም። ሐኪም እንዲራመድ ያዘዘው የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ ማሽኑ ሸራ ለብሶ ጥግ ከያዘ በኋላ ምን እንደሚሆን ማሰብ የእኛ ድርሻ ነውና።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የሚሞከረው አሳብ አንድ ነው፦ የማስቀመጥ ችግር የመጣው የጉልበት መሣሪያ ሰውየው በሚኖርበት ቦታ ተሠርቶ በዚያው የሚቀር መሆኑ ቀርቶ፣ በገንዘብ ተገዝቶ ባለቤቱን የሚከተል ንብረት ከሆነ ወዲህ ነው። የሀዋሳ ታሪክ ደግሞ ይህን ለውጥ ለማስረዳት የተመቸ ነው፤ ከተማዋ ከተቆረቆረች ጀምሮ በመግባትና በመውጣት የኖረች ናትና።

ከሩቁ እንጀምር። ለንደን ውስጥ ፍራንሲስ ላውንድስ የተባለ ሰው እጅና እግርን በአንድነት የሚያንቀሳቅስ «ጂምናስቲኮን» የሚሰኝ ማሽን በ1796 እ.ኤ.አ. በስሙ አስመዝግቦ ነበር። መንኮራኩርና መርገጫ ያለው፣ ከእንጨትና ከብረት የተሠራ ትልቅ ዕቃ ስለ ነበረ ሰፊ ክፍል ላለው ሰው እንጂ ለተራ ቤት የሚሆን አልነበረም። ከአንድ ምዕት ዓመት በኋላ በጡንቻው ዝነኛ የሆነው ዩጂን ሳንዶው በተቃራኒው መንገድ ሄደ። ደንበኞቹ በጠባብ ክፍል የሚኖሩ የቢሮ ጸሐፊዎችና የሱቅ ሠራተኞች መሆናቸውን ተረድቶ የሚሳብ ላስቲክና በውስጡ ሽቦ ጥቅልል ያለው የእጅ ዳምቤል ሸጠላቸው። ሥራው ሲያበቃ መሳቢያ ውስጥ የሚገባ ነበር። እንግዲህ ከባዱና ቀላሉ፣ ክፍል የሚይዘውና ኪስ የሚገባው፣ ከጥንቱም ጎን ለጎን የመጡ ናቸው።

በሁለቱ መካከል አንድ ሦስተኛ ብልኀት ነበረ፤ ዛሬ የተረሳ ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ግድም ከነበሩት ባርቤሎች አንዳንዶቹ በሁለቱም ጫፍ ክብ ኳስ ያላቸው ሲሆኑ የኳሱ ውስጥ ባዶ ነበረ። ባለቤቱ አሸዋ ወይም የእርሳስ እንክብል ሞልቶ ያከብደዋል፤ ለማቅለል ሲፈልግም ያጎድለዋል። አለን ካልቨርት በ1902 እ.ኤ.አ. በፊላደልፊያ ያቋቋመው ማይሎ የባርቤል ድርጅት ክብደቱ የሚጨመርና የሚቀነስ ባርቤል በመሸጥ ነበር ስም ያገኘው። የአሸዋው ኳስ ለሚዛወር ሰው የሚሰጠውን ምቾት አስቡት፤ አሸዋው ይፈስሳል፣ ቅርፊቱ ብቻ ይጓዛል፣ አሸዋ የሌለበት አገር የለምና እዚያ ሲደረስ እንደገና ይሞላል። ከዚያ በኋላ ቀዳዳ ያለው ዝርግ ብረት ቦታውን ወሰደና ክብደቱ ሁሉ ባለበት የሚጫን ሆነ። አንሺው በዚህ ለውጥ እንደ ተጠቀመ አይካድም፤ ዝርጉ ብረት ሚዛኑ የታወቀና በቶሎ የሚቀያየር ነው። የጫኙን ጀርባ ግን ማንም አልጠየቀውም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ዘመናዊው የሰውነት ማጎልመሻ የገባው በቤት በኩል ሳይሆን በጦር ሠራዊትና በትምህርት ቤት በኩል ነው። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን በ1946 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በክብር ዘበኛ ውስጥ ሥልጠና ሲሰጥ፣ ያደገበት የስዊድን ጂምናስቲክ የፔር ሄንሪክ ሊንግ ልጅ ነው ማለት ይቻላል፤ ሊንግ በ1813 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም ካቋቋመው ተቋም የወጣው ትምህርት በግድግዳ ላይ በሚሰካ መሰላል፣ በአግዳሚ ወንበርና በመዝለያ ሣጥን የታወቀ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች የተቋም ንብረት ናቸው። ግምጃ ቤት አላቸው፣ መዝገብ አላቸው፣ ቁልፍ የሚይዝ ሰው አላቸው። አስተማሪው ሲዛወር ዕቃውን በፊርማ አስረክቦ እጁን እያወዛወዘ ይሄዳል። ኒስካነን ያሠለጠነው አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ባሸነፈ ጊዜ ደግሞ ለጥንካሬ የቤት ዕቃ የግድ አለመሆኑን ዓለም ሁሉ ዐየ።

ሀዋሳም የተቆረቆረችው በዚያው በ1952 ዓ.ም. ነው። ሲዳማዎች አዳሬ በሚሉት በሐይቁ ዳር ሜዳ ላይ ከተማዋ ስትመሠረት ቀደምት ነዋሪዎች እንዲሆኑ ቦታ ከተሰጣቸው መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ይገኙባቸዋል። የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫም ቆይቶ ከይርጋ ዓለም ወደዚች አዲስ ከተማ ተዛወረ። ይህ የመጀመሪያው ታላቅ የጓዝ ጉዞ ሲሆን የ2015ቱ ስደት ግልባጭ ነው፤ ያን ጊዜ ጽሕፈት ቤቱ ወደ ሀዋሳ ገባ፣ አሁን ከሀዋሳ ወጣ። ከይርጋ ዓለም በመጣው ጓዝ ውስጥ ግን የመሮጫ ማሽን እንዳልነበረ ያለ ምስክር መናገር ይቻላል። ለቤት የሚሆን የመሮጫ ማሽን ገና በዓለም ገበያ አልወጣም ነበርና።

ታዲያ ብረት የሚወድ ጎረምሳ በምን ይሠራ ነበር? ይህን የሙያ ባልደረቦቼ ሁሉ ያውቁታል፤ ብዙዎቻችን የጀመርነውም በርሱ ነው። ሁለት እኩል ጣሳ ወይም የቀለም ባልዲ ይፈለጋል፣ ከግንባታ ቦታ የተረፈ ፌሮ ወይም የውሃ ባንቧ ይቆረጣል፣ ስሚንቶ ከአሸዋና ከጠጠር ጋር ይቦካል። አንዱ ጫፍ ተሞልቶ ብረቱ ቀጥ ብሎ እንዲቆም በድንጋይ ይደገፋል፤ ከደረቀ በኋላ ተገልብጦ ሁለተኛው ይሞላል። ቸኩሎ ሁለቱን ባንድ ቀን ለመጨረስ የሞከረ ሰው የተጣመመ ክብደት ይደርሰዋል። ስሌቱም ቀላል ነው፦ ደኅና ተደርጎ የተሠራ ኮንክሪት በሊትር 2.4 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ባለ 5 ሊትሩ ጣሳ 12 ኪሎ፣ ባለ 20 ሊትሩ ባልዲ 48 ኪሎ ይወጣዋል። በስምጥ ሸለቆ ሞልቶ በሚገኘው ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር የሠራው ሰው ግን ጣሳው እንደሚነግረው አይከብድለትም፤ ጎበዝ መስሎት የሚኖረው በጠጠሩ ቸርነት ነው። የስሚንቶ ክብደት ያላገኘ ደግሞ ከጋራዥ የወዳደቀ የመኪና ጥርስ፣ ቮላኖ ወይም የፍሬን ታምቡር ይጠቀማል።

እኔ በዚህ መሣሪያ የሚስቁትን አልደግፍም። ሚዛኑ የተዛባ፣ እጀታው የሚያሻክር፣ አንገት ላይ ሲያርፍ የሚያደማ መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ለሚዛወር ሰው ከእርሱ የተሻለ አልተሠራም፤ በዛፍ ሥር ጥሎት ይሄዳልና። ዝናብ ቢመታው ቆርቆሮው ይዝጋል እንጂ ኮንክሪቱ አይበላሽም። ተከትሎ የሚገባው ተከራይ ጎረምሳ ካለው ያነሣበታል፣ ከሌለው የግቢ በር ያስደግፍበታል። የሄደውም ሰው በሄደበት አገር ጣሳና ስሚንቶ አያጣም። የአሸዋው ኳስ ብልኀት በሌላ መልክ ከእኛ ዘንድ ኖሯል ማለት ነው።

ይህን ሥርዓት የለወጠው ማሽኑ ነው። የመሮጫ ማሽን ጥንተ ታሪኩ የሚያስደስት አይደለም። ዊሊያም ኪዩቢት የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1818 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የመርገጫ መንኮራኩር እስረኞች ቀኑን ሙሉ ደረጃ እንደሚወጡ ሆነው እንዲረግጡት የተዘጋጀ መቅጫ ነበር። አሜሪካዊው ሐኪም ኬኔት ኩፐር በ1968 እ.ኤ.አ. «ኤሮቢክስ» የተሰኘ መጽሐፉን ካሳተመ በኋላ፣ እርሱን ያነበበው መሐንዲስ ዊሊያም ስታውብ ለተራ ሰው ቤት የሚሆን የመሮጫ ማሽን የለም ብሎ ፔስማስተር 600 የተባለውን ሠራ። መቅጫ የነበረው የጤና ዕቃ ሆነ፣ ከወህኒ ቤትም ሳሎን ገባ። ሲገባ ግን ሞተሩን፣ የብረት አልጋውንና ከ50 እስከ 120 ኪሎ የሚደርስ ክብደቱን ይዞ ነው። ይህ ጣሳ ውስጥ የሚቦካ አይደለም፤ የተገዛበትም ዋጋ ተጥሎ እንዲኬድ አይፈቅድም። በአገራችን ከተሞች ቀስ በቀስ ሲገባ ቆይቶ፣ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሰው ከቤት እንዲውል በተደረገ ጊዜ የመሣሪያው ፍላጎት ተነሣ።

ቤቱ ደግሞ በዚያው ዘመን ጠበበ። ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ በሀዋሳና በሌሎች የክልል ከተሞች የተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤት ብዙ ሰው የቤት ባለቤት አድርጓል፤ ነገር ግን በአሠራሩ ስቱዲዮ የሚባለው እስከ 20 ካሬ ሜትር፣ ባለ አንድ መኝታው ከ20 እስከ 30፣ ባለ ሁለቱ ከ30 እስከ 45 ካሬ ሜትር ነው። አንድ የመሮጫ ማሽን ርዝመቱ 1.8፣ ስፋቱ 0.8 ሜትር ቢሆን፣ ሯጩ ቢወድቅ ግድግዳ እንዳያገኘው ከኋላ 2 ሜትር ከግራና ከቀኝም ግማሽ ግማሽ ሜትር ክፍት ይተውለታል ከተባለ የሚይዘው ቦታ 7 ካሬ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። የስቱዲዮው ሲሶ ነው። በድሮው ግቢ ሰርቪስ ቤት ነበረ፣ ቆጥ ነበረ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ የቆርቆሮ ጥላ ነበረ። በጋራ መኖሪያው ያለው በረንዳና ደረጃ ብቻ ነው፤ ደረጃ የጋራ መተላለፊያ ስለ ሆነ ዕቃ ማስቀመጫ አይደለም፣ እሳት ቢነሣ ሰው የሚወጣበት በርሱ ነውና።

ስለ ወለሉም አንድ ነገር ሊባል ይገባል። መሐንዲሶች ለመኖሪያ ቤት ወለል የሚያስቡት ተንቀሳቃሽ ጭነት በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ሶሌታው በቀጫጭን ተሸካሚዎችና በብሎኬት በተሠራባቸው ቤቶች ዝርግ ብረቶችን በአንድ ጥግ ቆልሎ ማስቀመጥ በአራት ሰው ክብደት አንዲት ነጥብ መጫን ነው። ብረቱ በጣውላ ላይ ተዘርግቶ ወደ ግድግዳው ይጠጋ፤ የሚበልጠው ግን ከምድር ቤት ከሚኖር ዘመድ ዘንድ ማስቀመጡ ነው።

ዘመድ ካነሣን አደራን ማንሣት ግድ ነው። በ2015ቱ መበተን ጊዜ የቤቱ አባወራ ወይም እማወራ በአዲሱ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ልጆቹ ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ ቤተሰቡ ሀዋሳ የቀረባቸው ነበሩ፤ ጓዙን በየዘመዱ ያከፋፈለም ነበረ። የሚገርመው፣ ሀዋሳ በተቆረቆረችበት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ አደራ ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ አደራ ተቀባዩ ያለ አደራ ሰጪው ፈቃድ በዕቃው እንዳይገለገልም ይከለክላል። ለብር ወይም ለልብስ ደንቡ መልካም ነው። ለስፖርት መሣሪያ ግን ባለቤቱ ፈቃዱን አስቀድሞ ቢሰጥ እመክራለሁ። ለወራት ያልተንቀሳቀሰ የመሮጫ ማሽን ቀበቶው ባለበት ቅርጽ ይደርቃል፣ ኩሽኔታው ይጠነክራል፤ በሳምንት ሁለት ቀን የሚራመድበት ሰው ያለው ማሽን ግን ሲመለስ እንደ ነበረ ይገኛል። የአደራ ተቀባዩም ልብ ተጠቀመ ማለት ነው። ሕፃናት ባሉበት ቤት ግን የማሽኑ የደኅንነት ቁልፍ ተነቅሎ ከትልቅ ሰው ኪስ ይዋል፤ የሚሽከረከረው ቀበቶ የልጅ ጣት ያቃጥላል፣ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ዝርግ ብረትም ሲንሸራተት ማንንም አይለይም።

የሀዋሳ አየር ለብረት የራሱ ጠባይ አለው። ሐይቁ ጥቁር ውሃ ወንዝ ሲገባበት መውጫ የሌለው ነው፤ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ መስከረም ያዘወትራል፣ ሌሊቱም ቀዝቀዝ ይላል። የአየር እርጥበት ከ60 በመቶ ባለፈ ጊዜ የዝገት ፍጥነት እጅግ ይጨምራል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት ብረቱን በፕላስቲክ አጥብቆ መጠቅለል ነው። ቀን የሞቀው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ በፕላስቲኩ ውስጥ ጤዛ ይሆናል፣ ጤዛውም መውጫ አያገኝም። ላቡ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፣ ያልተቀባው ብረት በስሱ ዘይት ወይም ግራሶ ይታሽ፣ ከዚያም አየር የሚያስገባ አቡጀዴ ይልበስ፤ ከሲሚንቶ ወለልም በጣውላ ከፍ ይበል። ፕላስቲክ የሚያስፈልገው በአይሱዙ ላይ ዝናብ እንዳይመታው፣ ለጉዞው ቀን ብቻ ነው።

ስለ ግራሶ ስናገር የመሮጫውን ቀበቶ አልጨመርኩም። ለርሱ የሚሆነው ሲሊኮን ብቻ ነው፤ የሞተር ዘይት የፈሰሰበት ቀበቶ ያብጣል፣ ይላላል። የሚታጠፍ ማሽን ከሆነ መቆለፊያው መግባቱ ተረጋግጦ በገመድ ይታሰር፣ ተቆጣጣሪው ሰሌዳ ወደ ውጭ እንዳይዞር ይደረግ። ባትሪ ድንጋይ ያለው ዕቃ ሁሉ ድንጋዩ ይውጣለት፤ በውስጡ ያፈሰሰ ባትሪ የሚበላው ከማሽኑ ሁሉ ውድ የሆነውን ክፍል ነው። በዘይት ግፊት የሚሠራው የደረጃ መርገጫ እንዳይጋደም፣ የሚሳበው ላስቲክ ተወጥሮ ወይም ፀሐይ ላይ እንዳይሰቀል። የተፈቱ ብሎኖችና ዳዶዎች በትንሽ ከረጢት ገብተው በዚያው በተፈቱበት አካል ላይ ይታሰሩ። በአይሱዙው ላይ ከባዱ ብረት ወደ ሾፌሩ ክፍል ተጠግቶ ከታች ይጫን እንጂ ከኋላ በመጨረሻ አይወርወር።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መሣሪያው በደኅና ቢቀመጥ እንኳ ባለቤቱ አብሮት እንዳይቀመጥ ያሠጋል። ኮይልና ባልደረቦቹ በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በጽናት ስፖርት የሠለጠኑ ሰዎች ልምምድ ባቆሙ በ21 ቀን ውስጥ ከፍተኛው የኦክስጅን አጠቃቀማቸው 7 በመቶ ቀነሰ፤ በ56ኛው ቀን ጉድለቱ 16 በመቶ ደረሰ። የጡንቻ ጉልበት ከዚህ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ቤት መፍታት፣ ቤት መፈለግና ቤት ማደራጀት ሁለት ወር መውሰዱ የተለመደ ስለ ሆነ፣ ያ ስምንት ሳምንት በቀጥታ የጓዙ ዘመን ነው። ስለዚህ የምናማክረው ሰው የሚዛወር ከሆነ መሣሪያውን ከማሸጉ በፊት የሁለት ወር ፕሮግራም በእጁ ልንሰጠው ይገባል፤ ለርሱም የሚያስፈልገው የመዝለያ ገመድ፣ አንድ ላስቲክና የመራመጃ ቦታ ነው። ሀዋሳ ለቀረው ሰው የታቦር ተራራ አቀበትና፣ ሐይቁ ሞልቶ ከተማዋን ባሠጋት ጊዜ በዳርቻው የተሠራው የአፈር ግድብ አለለት። ሶዶ ለሄደው ደግሞ የዳሞት ተራራ ከፊቱ ቆሟል።

በጠባቡ ቤት ለመሣሪያው ቦታ እንደማይገኝ ከታወቀ፣ ሸጦ ወይም ለትምህርት ቤት ሰጥቶ መገላገል ጠቅልሎ ከማስቀመጥ ይሻላል። ተቀባዩ መምህር ግን ስጦታውን በደስታ ብቻ እንዳይቀበል። የቤት ውስጥ ማሽን ለአንድ ቤተሰብ እንጂ በቀን ለአርባ ተማሪ ሩጫ አልተሠራም፤ ሞተሩ በአንድ ወሰነ ትምህርት ሊቃጠል ይችላል። ዝርግ ብረት፣ አግዳሚ ወንበርና ዳምቤል ይቀበል፤ ሲቀበልም እንደ ድሮው በመዝገብ ያስፍር፣ የግምጃ ቤቱንም ቁልፍ የሚይዝ ሰው ይሰይም።